የልጄ ድንጋይ ምን ይባላል?

አዳማ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዶክተር ሚልካ
ጅማ

ጤና ይስጥልኝ። ከነቤተሰብዎ፣ ከነሥራ ባልደረቦችዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ፤ መኖር ይህ ከሆነ።

ደብዳቤዬ በመዘግየቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ እሱንም በማታ። አንድ ገጽ ለመሙላት ብዙ እቀመጣለሁ። የልጄ የሥራ ጓደኛ ነጋሳ "እትዬ፣ ስልክ ይደውሉላቸው፤ ዩኒቨርሲቲ ስለ ድንጋይ የሚያስተምሩ፣ ሰው አክባሪ ናቸው" ብሎኝ ነበር። ሞክሬያለሁ። ገና "ልጄ" ስል ስልኩን እዘጋዋለሁ። እያለቀሱም ቢሆን መጻፍ ግን ይቻላል።

ድንጋዩ እንዴት እጄ እንደገባ ከመጀመሪያው እንድነግርዎ በነጋሳ በኩል ጠይቀውኛል። የእኔ መጀመሪያ መርዶው የመጣበት ቀን ነው።

የመስከረም መጨረሻ ነበር። የምተዳደረው የተማሪ ዩኒፎርም በመስፋት ነው፤ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ሥራ በዝቶብኝ በማለዳ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ የአንዲት ልጅ ቀሚስ ጠርዝ እሰፋለሁ። ገና ጎህ ሲቀድ የውጭው በር ተንኳኳ። በእድራችን መርዶ የምንነግረው በዚያ ሰዓት ነው፤ ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ከቤት ሳይወጣ። እኔም ከሴቶቹ ጋር ሆኜ የስንቱን ቤት በር እንዲያ አንኳኩቻለሁ። በቀስታ ይንኳኳል፤ "ማነው?" ሲባል ማንም ቶሎ አይመልስም። "ማነው?" አልኩ። አልመለሱም። ያኔ አወቅሁ። በሩን ግን አልከፈትኩም። ጠርዙን ጨርሼ ክሩን በጥርሴ በጠስኩ። ልጅቷ ቀሚሷን ትፈልገዋለች ብዬ ይሁን፣ በሩ እስካልተከፈተ ድረስ ልጄ አለ ብዬ ይሁን፣ እንጃ።

ልጄ ሐዲስ ይባላል። ሌላ የለኝም። ዓለም ጤና ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሽንኩርት ደላላ ነበር፤ ገበሬውን ከጭነት መኪናው ጋር ያገናኛል። ሽንኩርት በማይኖርበት ወቅት ደግሞ ከነጋሳ ጋር ድንጋይ ይገዛል ይሸጣል። ባለፈው ክረምት ከጉጂ በኩል ከመጣ ቆፋሪ አንድ ጆንያ ድንጋይ ገዛ። እዚህ አዳማ ያሉ ነጋዴዎች አይተው "የማይረባ ነው" አሉት። ከመስቀል በኋላ ወደ ዓለም ጤና ተመለሰ። ከዚያ በክፍሉ ውስጥ ሲታመም ጎረቤት ሰማ፤ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ አረፈ። አልጋው ሥር የሽንኩርት መድኃኒት ጠርሙስ ተገኘ። የተባይ ማጥፊያውን ነው የምልዎት፤ በዚያ አገር በየቤቱ አለ። የሐኪሙ ወረቀት "መመረዝ" ይላል። ሰውም "ገንዘቡን በማይረባ ድንጋይ ጨርሶ ተስፋ ቆርጦ ጠጣው" አለ።

የንስሐ አባቴ መምሬ ልሳነወርቅ ይህንን ሰሙ። አልጮሁብኝም፤ ደግ ሰው ናቸው። "ዘውድነሽ፣ ራሱን ለገደለ ፍትሐት አይፈታም። ሕጉ የእኔ አይደለም" አሉኝ። ልጄ ያለ ፍትሐት፣ ያለ ዕጣን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥግ ተቀበረ። አርባው ሲደርስም ስሙ አልተጠራም። እኔ የስንት ሰው አርባ ላይ ቆሜያለሁ መሰልዎ።

ድንጋዩን ሐዲስ የሰጠኝ ለመስቀል ሲመጣ ነው። "እማዬ፣ ይቺን ልብስሽ መሃል ደብቂልኝ። ሌሎቹን አጥቤ ስጨርስ አንድ ላይ እንሸጣቸዋለን" አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ። ውጩ የተቃጠለ ማር ይመስላል፤ አንድ ቦታ ላይ ተፈንክቶ ውስጡ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ስድስት ጎን አለው፤ ሰው የጠረበው እንጂ ከመሬት የወጣ አይመስልም። ነጋሳ ፎቶውን አንስቶ ከዚህ ጋር ይልክልዎታል።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ይህ ድንጋይ ምን ይባላል? ዋጋ አለው ወይ? ዋጋ ካለው ልጄ ተስፋ የሚቆርጥበት ምክንያት አልነበረውም ማለት ነው። ለመምሬ ይህንን ልነግራቸው ፈልጌ ነው።

አክባሪዎ
ዘውድነሽ


ጅማ
ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እማማ ዘውድነሽ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ደብዳቤዎን ቢሮ ውስጥ ጀምሬ ቤት ነው የጨረስኩት።

እባክዎን "እርስዎ" አይበሉኝ። የመቂ ልጅ ነኝ። እናቴ በእርስዎ ዕድሜ ናት፤ ይህን ብታይ የምትቆጣው እኔን ነው።

ዋጋውን ከፎቶ መናገር አልችልም። ደላላ በዓይኑ ዋጋ ይሰጣል፤ እኔ ስሙን ሳላውቅ ዋጋ ብነግርዎት ውሸት ይሆንብኛል። ደግሞም ይቅር ይበሉኝና፣ ዋጋው ለመምሬ መልስ የሚሆን አይመስለኝም። ድንጋዩ ውድ ቢሆንም ሐዲስ ውድ መሆኑን አላወቀም ነበር ይላሉ።

ግን ሁለት ነገር ይሞክሩልኝ። መጀመሪያ በእጅዎ መዝነው ከሚያህለው ከማንኛውም ድንጋይ ጋር ያወዳድሩት። ቀጥሎ በማይታየው ጎኑ በመቀስዎ ጫፍ ጫር ያድርጉት። መያዙ አይጎዳዎትም። ነገር ግን ምንም ነገር ውስጥ እንዳይነክሩት፤ ማንም "ላጽዳልዎት" ቢል አይስጡት። ነጋሳም ቢሆን።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅዎት። ሌሎቹን ድንጋዮች በምን ነበር የሚያጥባቸው? ክፍሉ ውስጥ ምን ምን ነበር? ዓለም ጤና መሄድ ከቻሉ ይሂዱልኝ። ካልቻሉም አልቀየምም።

ልጅዎ ሚልካ


አዳማ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሚልካ፣

እንደምን ከረምሽ? እንዳልሽው "አንቺ" ብያለሁ፤ እጄ እስኪለምደው ይቅርታ አድርጊልኝ።

ድንጋዩ ከባድ ነው። የዶሮ እንቁላል አያህልም፤ ነገር ግን ከካውያዬ ጋር የሚፎካከር ይመስላል። በመቀስ ጫር ሳደርገው ተጫረ። ደነገጥኩ። ልጄ የሰጠኝን አበላሸሁ ብዬ አለቀስኩ። ነጋሳ ነው ያጽናናኝ።

"እትዬ፣ እኛም አድርገነዋል" አለኝ። "የኦፓል ነጋዴዎቹ ቢላዋ አስነክተው ሲጫር አይተው 'ሂዱ፣ ሳሙና ሽጡ!' ብለው ሳቁብን። ሐዲስ ምን እንዳላቸው ያውቃሉ? 'ሳሙናውንስ ለእናንተ ትተን በሄድን፤ ቆሻሻችሁን አይችለውም እንጂ!' አላቸው። እስከ ፒያሳ ድረስ እየሳቅን ሄድን።"

እዪልኝ እንግዲህ። ይህ ተስፋ የቆረጠ ሰው ንግግር ነው?

በምን ያጥብ ነበር ላልሽው፣ ነጋሳ እንዳለኝ ድንጋይ የሚያጥቡ ሁሉ የሚያደርጉት አንድ ነው። ከጋራዥ የባትሪ አሲድ ይገዛሉ፤ በቡታጋዝ ያሞቁታል፤ ዝገቱ ይለቅና ድንጋዩ ይጠራል። "አሜቲስቱን፣ ሐምራዊውን ድንጋይ ሁሉ፣ እንዲህ ነው የምናጥበው፤ ስንት ጊዜ አብሬው አጥቤያለሁ፤ ምን ሆንኩ?" አለኝ። በርና መስኮት ዘግተው ነው የሚያጥቡት፤ ሰው ካየ ደላላ ይሰበሰባል፣ ሌባም ይመጣል።

ዓለም ጤናም ሄድኩ። በሞጆ ዞሬ፣ ቆቃን አልፌ። ያንን መንገድ ሬሳው ሲመጣ አላየሁትም ነበር፤ አሁን አየሁት። ሽንኩርቱ ደርሶ በየመንገዱ ዳር ተከምሯል። አከራዩ ጫልቱ ትባላለች። "አካም ጅርቱ፣ ሃደ ሐዲስ" ብላ፣ እንደምን ነዎት የሐዲስ እናት ማለቷ ነው፣ እጄን ሳመችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችም። ክፍሉን ሌላ ሰው ተከራይቶታል። ያጠበበትን ድስት ከነድንጋዩ "መርዝ ነው" ብለው ሽንት ቤት ጨምረውታል። ለእኔ ያስቀመጠችልኝ ብርድ ልብሱን፣ ጫማውንና አንድ የማር ብልቃጥ ነው። ብልቃጡን እኔ ነበርኩ ማር ሞልቼ የላክሁለት።

ብልቃጡን ቤት አምጥቼ በኦሞ አጠብኩት፣ በአመድ አሸሁት። አልጠራ አለኝ። ከታች እስከ ግማሹ ደብዝዟል፤ ሰው ተንፍሶበት የቀረ ይመስላል። ንጽሕና የምወድ ሴት ሆኜ እንጂ ይህስ ለአንቺ የሚጻፍ አልነበረም።

ነጋሳ ሽንኩርት ከጫነ መኪና ጋር ወደ ጅማ ስለሚመጣ ድንጋዩን ይዞልሽ ይመጣል። በጃኬቱ ገበር ውስጥ ሰፍቼዋለሁ። ስፌቱን ቀስ ብለሽ ፍቺው፤ ጃኬቱ የሐዲስ ነበር።

ዘውድነሽ


አዳማ
ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሚልካ፣

ድንጋዩ በሰላም ስለደረሰሽ እግዚአብሔር ይመስገን። በነጋሳ በኩል ስለ ብልቃጡ ለምን ደጋግመሽ እንደምትጠይቂኝ አልገባኝም፤ ግን የጠየቅሽውን ሁሉ እመልሳለሁ። የደበዘዘው ውስጡ ነው፤ ውጩ ደህና ነው። ጥፍሬን ሳሳልፍበት ይሻክራል። መስኮቱን እንዳይ ያልሽኝንም አይቻለሁ፤ በጥምቀት ማግስት ተመልሼ ሄጄ ነበር። ከቡታጋዙ በላይ ያለው መስታወትም እንዲሁ ሆኗል። አዲሱ ተከራይ "ስወለውለው ነው የምውለው፤ ውጭው አይታየኝም" አለኝ።

ስለ እጆቹ ላልሽው የገነዙትን ጠየቅሁ። ጣቶቹ ነጭ ሆነው ነበር፤ ሲነኳቸው ቆዳው ይለቅ ነበር። ይህንን እስካሁን ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም ነበር።

አሁን ደግሞ ከአንቺ የደበቅሁትን፣ ማለት ከእኔም የተደበቀውን ልንገርሽ። ጫልቱን ለብቻዋ ያዝኳት። "ልጅ አለሽ?" አልኳት።

"አራት።"

"እንግዲያው ንገሪኝ።"

በሩን ዘጋችና መሬት ተቀመጠች። "ሃደ ኮ፣ እናቴ፣ በሬን ሲመታ ከፈትኩለት። ደረቱን ይዟል። 'ጫልቱ ወተት፣ ወተት ስጪኝ፤ ጉሮሮዬ ነደደ፤ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ' አለኝ። ወተቱን ላመጣ ስል ወደቀ። ወደ ክፍሉ ስሮጥ አልጋው ሥር ጠርሙሴን አየሁ። 'መድኃኒቱን ጠጥቷል!' ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ሁሉም ያንኑ አለ።"

"ጠርሙስሽን እሱ ምን አደረገው?"

"ባዶ ነበር። ራሴ ነኝ የሰጠሁት። አሲዱን ከጋራዥ የሚያመጣበት አጥቶ ለመነኝ። በኋላ ትዝ ሲለኝ ፈራሁ። ጠርሙሱ የእኔ ነው፤ ፖሊስ እኔን ያስራል ብዬ ዝም አልኩ።"

ምን እንድላት ፈልጋ እንደነበር አላውቅም። ተነስቼ ወጣሁ። ደህና ዋይም አላልኳት። አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ቁጭ ብዬ ነው የገባኝ። "ሐኪም ቤት ውሰዱኝ" ብሏል ልጄ። ሊሞት የፈለገ ሰው እንዲህ ይላል?

መምሬ ዘንድ ሮጥኩ። ሰሙኝ። "ዘውድነሽ፣ ደስ ይለኛል። ግን አከራይቱ ትናንት እንዲያ አለች፣ ዛሬ እንዲህ አለች፤ ነገ ምን ትላለች? መድኃኒት ካልጠጣ እንግዲህ ምን ገደለው? እሱን አምጪልኝ፤ የቆመውን ቅዳሴ እንኳ ቢሆን ትቼ እመጣለሁ" አሉኝ።

እንግዲህ እኔም አንቺን እጠይቅሻለሁ። ልጄን ምን ገደለው? ሁለተኛም፣ ብዙ ተሠቃይቷል ወይ?

ዘውድነሽ


ጅማ
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እማማ ዘውድነሽ፣

መልሴ የዘገየው እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ለእርስዎ መጻፍ ስለከበደኝ ነው። አሁንም ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ አይደለሁም፤ የማስበውን ግን ልንገርዎት።

ፍሎራይድ የሚባለውን ያውቁታል። በእኛ አገር ውሃ ውስጥ ያለው፣ የመቂንና የአዳማን ሰው ጥርስ የሚያበልዘው ነው። የእኔም ጥርስ የበለዘ ነው፤ እዚህ ተማሪዎቼ ሲጋራ የማጨስ ይመስላቸዋል። ይህ ነገር በውሃ ውስጥ ሲሆን ጥቂት ነው። አንዳንድ ድንጋይ ግን ከእሱ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ድንጋይ ብርቱ አሲድ ሲነካውና ሲሞቅ፣ ውስጡ ያለው በጋዝ መልክ ይወጣል። ጋዙ ሳንባ ያቃጥላል፤ ቆዳ አልፎ ይገባል። ብርጭቆንም ይበላል። ስለ ብልቃጡና ስለ መስኮቱ የነዘነዝኩዎት ለዚህ ነው፤ ሐዲስ ያጠበበትን ፈሳሽ ብልቃጡ ውስጥ ቀድቶት ሳይሆን አይቀርም። የተባይ መድኃኒት ብርጭቆ አይበላም። አሜቲስትም በዚያው አሲድ ቢታጠብ ይህን ጋዝ አያወጣም፤ ነጋሳ ስንት ጊዜ አጥቦ ምንም ያልሆነው ስለዚህ ነው።

ድንጋዩ ፍሎሰራይት የሚባለው ይመስለኛል። ክብደቱም፣ መጫሩም፣ ስድስት ጎኑም ይስማማል። በዓለም ላይ ጥቂት ቦታ ብቻ የሚገኝ ነው፤ ውስጡ ያሉት ብረቶችም ብርቅዬ ናቸው። እኔ በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። ደላሎቹ አላወቁትም፣ እኔም በመጀመሪያው ፎቶ አላወቅሁትም።

አሁን የሚያስቸግረኝን ልንገርዎት። ላዩ በዘመን ብዛት ተለውጦ ሌላ ድንጋይ ሆኗል። ላዩን ብመረምር መሣሪያው የልባሱን ስም ነው የሚሰጠኝ። ሐዲስ ሊያወጣ የፈለገው የውስጡን ነው፤ ወደ ውስጡ ለመድረስ ደግሞ ለሁለት መሰንጠቅና መፍጨት አለብኝ። ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ግን ሙሉ ክሪስታል ነው። ሳይሰበር በሕጋዊ መንገድ ቢሸጥ የእርስዎን ዓይነት የስፌት መኪና ሃያ ይገዛል፤ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ከተሰበረ በኋላ ለማስተማሪያ መደርደሪያ እንጂ ለገበያ አይሆንም።

ሳልሰብረው "ይመስለኛል" ብዬ ልጽፍልዎት እችላለሁ። መምሬ ይቀበሉት እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።

እስኪወስኑ ድረስ አልነካውም።

ሚልካ


አዳማ
የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሚልካ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ ልል ነበር፤ እናንተ ጴንጤዎቹ በእኛ አቆጣጠር እንደማትጾሙ ትዝ አለኝ። እንዲያውም ቢሆን በሰላም ያክርምሽ።

ደብዳቤሽን ለነጋሳ አነበብኩለት። አሲዱ ጋ ስደርስ ፊቱ ጠቆረ፤ እጆቹን አገላብጦ አያቸው። ስለ ዋጋው ስነግረው ግን ብድግ አለ።

"እትዬ፣ ላንጋኖ ሆቴል በየዓመቱ የሚያርፍ ሰብሳቢ አውቃለሁ። የሽያጭ ፈቃዱንም እሱ ራሱ ያስጨርሳል። እንዳይሰበር ይበሏት! አሁኑኑ ልደውልላት?"

"ቁጭ በል።"

"ቤትዎ ያፈሳል። የመኪናዎ ፔዳል በገመድ ታስሯል። ሐዲስ ለማን ብሎ የለፋ ይመስልዎታል?"

"ለእኔ።"

"እንግዲያስ!"

"እንግዲያስ ለእኔ ከሆነ እኔ የፈለግሁትን ላድርግበት።"

"እትዬ፣ 'ይመስለኛል' ብላ ብትጽፍ እኮ ይበቃል። መምሬ ፊዚክስ አልተማሩ።"

"ልጄን 'ይመስለኛል' ብለው ነው ጥግ የቀበሩብኝ" አልኩት። ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ፤ በማግስቱ ቆርቆሮና ሚስማር ይዞ መጥቶ የሚያፈሰውን ጣሪያ ደፈነልኝ። አሁንም እየተነጫነጨ ነው።

አልዋሽሽም፤ አንድ ሌሊት አስቤበታለሁ። ሃያ መኪና። አንድ ክፍል ሙሉ ልጃገረዶች ቀጥሬ ተቀምጬ ሳሠራ ታየኝ። ከዚያ ደግሞ ስሙ የማይጠራበት ቅዳሴ ላይ በነጠላዬ ተሸፋፍኜ ስቆም ታየኝ፤ ሰው ሲጠቋቆም። መንፈቁ መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው።

ስበሪው። ስትሰብሪው አማትቢልኝ ልልሽ አልችልም፤ በእናንተ እንደሌለ አውቃለሁ። እንደምታውቂው አድርጊ።

ስለ ሥቃዩ የጠየቅሁሽን ረሳሽው መሰል።

ዘውድነሽ


ጅማ
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እማማ ዘውድነሽ፣

ሰበርኩት። ብቻዬን ነበርኩ፤ ጸልዬ ነው የሰበርኩት፣ በእኛ ልማድ።

ውስጡ ፍሎሰራይት ነው። ምንም ጥርጥር የለኝም፤ ሌላ ሰው እንዲያየውም አድርጌ ያው ሆኖ ተገኝቷል። ከዱቄቱ ጥቂቱን የጭስ መሳቢያ ባለበት ክፍል ውስጥ፣ ልጅዎ በተጠቀመበት ዓይነት አሲድ ሞከርነው። በላዩ ያስቀመጥኩት መስታወት ደበዘዘ። የእርስዎ ብልቃጥ እንደሆነው ሆነ።

ልጅዎ መርዝ አልጠጣም። ራሱን አልገደለም። ድንጋይ እያጠበ፣ በሥራ ላይ እያለ፣ ማንም ያልነገረው አደጋ ገደለው። ይህንን በማኅተም ጽፌ ልኬያለሁ፤ ለመምሬም ስልክ ደውዬ በቃሌ አስረድቻለሁ። ከፈለጉ አዳማ መጥቼ በፊታቸው እናገራለሁ።

ስለ ዋጋው አዝናለሁ። ስባሪዎቹን በብልቃጥ አድርጌ አስቀምጫለሁ፤ በሐዲስ ስም።

አንድ ፈቃድም ልጠይቅዎት። ደብዳቤዎቻችን አንድ ላይ ቢታተሙ ድንጋይ የሚያጥቡ ወጣቶች እጅ ሊገቡ ይችላሉ። ሌላ የምሰጣቸው የማስጠንቀቂያ ወረቀት አለኝ፤ ነገር ግን እሱን የሚያነብ የለም። እሺ ካላሉ እንዲሁ ይቀመጣሉ።

ሚልካ


አዳማ
መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሚልካ፣

በችኮላ ስለምጽፍ ጽሑፌን ታገሺው።

መምሬ ወረቀትሽን አነበቡት፤ ከዚያ "ብልቃጡን አምጪው" አሉኝ። ጣታቸውን አስገብተው ውስጡን ዳሰሱት። "ዶክተሯን የእኛ ሰው ነሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት" አሉኝ። "'አይደለሁም አባቴ፣ ጴንጤ ነኝ' አለችኝ። 'እንግዲያው ለእኛ ምውት ይህን ሁሉ ለምን ደከምሽ?' ብላት 'እውነት ስለሆነ' አለችኝ።" ከዚያ "የዘገየሁት እኔ ነኝ" አሉ። እንባቸው ብልቃጡ ላይ ወረደ። እኔ አላባበልኳቸውም። አልቻልኩም።

በመንፈቁ ዕለት ፍትሐት ተፈታ። ከግንቡ ጥግ ሄደው፣ ዕጣን አጥነው፣ ሙሉውን። ስሙን ሲጠሩት እድሩ ሁሉ ሰማ። የተጠቋቆሙብኝ ሰዎችም ነበሩ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው ነበር። ጫልቱም ከዓለም ጤና መጥታ ደጅ ላይ ቆማ ነበር። ግቢ አላልኳትም፤ ሂጂም አላልኳትም። ከዚህ በላይ አሁን የለኝም። ደብዳቤው ላይ ስሟ ይቀየር ወይ ብዬ በነጋሳ ላስጠይቃት "ስሜን ጻፉት፤ ያኔ ዝም ብዬ ነበር" ብላለች።

ነጋሳ አሲድ ተጠይፏል። ድንጋይ የሚያጥቡ ልጆች ቤት ይሄዳል፤ ይስቁበታል። "ሳንባዬ ደህና ነው፤ ያንተ ምላስ ነው የሚገድለኝ" ብሎ አንዱ አባረረው። ደግሞ ይመለሳል። ድንጋዩ ወደሚቆፈርበት ጉጂ፣ ሻኪሶ ድረስ ልሂድ እያለ ነው።

አሁን እንደ ድሮው ልብስ እሰፋለሁ። የተጽናናሁ እንዳይመስልሽ። ከዚህ በፊት ልጄን ማልቀስ እፈራ ነበር፤ ባለቅስ ሰው "በራሱ እጅ ለሄደ" ይለኛል ብዬ። አሁን እንደማንኛዋም እናት አለቅሳለሁ። ያገኘሁት ይህንን ነው።

ስለ ሥቃዩ ሁለት ጊዜ ጠይቄሽ አልመለስሽልኝም። ሦስተኛ አልጠይቅሽም። አለመመለስሽን እንደ መልስ ይዤዋለሁ። ልብሽ ደግ ስለሆነ ነው።

ደብዳቤዎቹ ይታተሙ። እንዳታሳምሪያቸው፤ ፊደል የሳትኩበት ካለ ብቻ አርሚልኝ። የታተመውን ድንጋይ አጣቢዎቹ በነፃ ያግኙት። ሌላውን አንባቢ ግን አንድ ክፍያ እጠይቃለሁ፤ ይህንን መጨረሻው ላይ አድርጊልኝ።

ይህን የምታነቡ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ልጄ ስድስት ወር ሙሉ ጸሎት ሳይደርሰው ቆይቷል። አርባው ባዶውን አልፏል፤ ሰማንያውም እንዲሁ። ያ ሁሉ ጊዜ ወዴት እንደሆነ፣ እዚያ ማን እንደተቀበለው አላውቅም። የጎደለውን ብቻዬን አልሞላውም፤ ጉልበቴም ዕድሜዬም አይበቃም። ልጄ ሚልካ፣ በእናንተ ቤት ለሞተ እንደማይጸለይ አውቃለሁ፤ አንቺ ድርሻሽን አድርሰሻል። ሌሎቻችሁ ግን ቤተ ክርስቲያን ስትሳለሙ፣ ወይም መኝታችሁ ላይ ስታማትቡ፣ ከምትጠሩት ሰው አጠገብ እሱን ጨምሩልኝ። ሐዲስ እኔ ያወጣሁለት ስም ነው። በጸሎት የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው፤ ወልደ ሰማዕት በሉልኝ። ነፍሱን ይማር በሉልኝ።

እናቱ
ዘውድነሽ